ጠንካራዋ ዶሮ የቷ ናት?

ጎንደር ውስጥ በግቢያቸው ዶሮ ለሚያረቡ ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ውላችሁ፣ ዶሮዎቻችሁን አስገብታችሁ፣ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰው ሲያገኘኝ ቶሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዶክተር፣ የማትሞት ዶሮ የቷ ናት? እሷን ልግዛ» ይለኛል። ፒያሳ ሻይ ስጠጣም፣ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ስዞርም ጥያቄው አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አስር ቄብ ገዝቶ በሳምንት ውስጥ ስምንቱን የቀበረ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ?

መልሱ ግን የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። «ጠንካራ» ስንል መጀመሪያ «ምንን ትችላለች?» ማለት አለብን። ብርድ የምትችል ዶሮ ፈንግል የሚባለውን በሽታ ላትችል ትችላለች። አንዱን በሽታ የምትቋቋም ዶሮ ሌላው በሽታ ይጥላታል። ጭልፊትን የምታመልጥ ዶሮ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲዘጋባት ትታመማለች። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው።

ከሀበሻዋ ልጀምር።

ሀበሻ ዶሮ ጠንካራ ናት የሚለው ነገር መሠረት አለው። መሬት ጭራ ትበላለች። ሽለምጥማጥ ሲመጣ ቀድማ ትሰማለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ጠርታ ክንፏ ስር ትሰበስባለች። እንቁላሏን ራሷ ታቅፋ ታስፈለፍላለች። ደግሞ በዓመት የምትጥለው ከ30 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ እሱም ትንንሽ ነው። ሰውነቷ ብዙ ስላልተጠየቀ በትንሽ ምግብ ትኖራለች። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥንካሬ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ይህን አትችልም።

«ሀበሻ ዶሮ አትታመምም» የሚለው ግን ስህተት ነው። ብዙ ዶሮ የሚያስጨርሰንም ይኸው እምነት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰፈር ሙሉ ዶሮ ሲያልቅ ያላየ ሰው እዚህ አለ? ያ ፈንግል ነው። ፈንግል ያልተከተበች ዶሮ ቤት ሲገባ ሀበሻ፣ ፈረንጅ አይልም። ይጠርጋል።

ሌላም ነገር አለ። ሀበሻ ዶሮ ከምታስፈለፍላቸው ጫጩቶች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ብርድ ይገድላቸዋል፣ በሽታ ይገድላቸዋል፣ ድመትና ጭልፊት ይወስዳቸዋል። እኛ የምናየው የተረፉትን ነው። የተረፈችዋን እያየን «ጠንካራ ናት» እንላለን። የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? አስራ ሁለት ጫጩት ተፈልፍሎ አምስት ከቀረ፣ ሰባት ሞቷል። የፈረንጅ ዶሮ ገዝተን ሰባት ቢሞትብን እናለቅሳለን። የሀበሻዋ ጫጩት ሲሞት ግን ብር ስላላወጣንበት ከቁጥር አናስገባውም።

ሀበሻ ዶሮም ብትሆን አንድ ዓይነት አይደለችም። ከእኛ አጠገብ የፋርጣ ዶሮ አለች። ጎጃም ውስጥ የጥሊሊ አለች። ወለጋ የሆሮ፣ ሐረርጌ የጃርሶ አለች። ተመራማሪዎች የሆሮንና የጃርሶን ዶሮዎች ሲያነጻጽሩ በዘርም ለበሽታ በሚሰጡት ምላሽም ይለያያሉ ብለዋል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆሮን ዶሮ ትውልድ በትውልድ እየመረጡ ሲያሻሽሉ ቆይተዋል። የእንቁላሏ ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጓል። የሀበሻ ዶሮ ከመረጧት ትሻሻላለች ማለት ነው።

እኛስ ምን እየመረጥን ነው? ይህን ጉዳይ አጥብቄ ላነሳው እፈልጋለሁ። ለፋሲካ የትኛው አውራ ዶሮ ነው ገበያ የሚወጣው? ትልቁ፣ ቀዩ፣ ደረቱ የሞላው፣ አናቱ ድርብ የሆነው። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ! ቶሎ ያደገው፣ ከበሽታው የተረፈው፣ ጉልበታሙ ይታረዳል። ቤት የሚቀረው ማንም ያልገዛው ኮሳሳው ነው። የሚመጣው ዓመት ጫጩቶች አባት እሱ ይሆናል። እንዲህ እያደረግን በየዓመቱ ደካማውን እያባዛን ነው። እባካችሁ፣ ከምርጦቹ አንዱን ለዘር አስቀሩ። በዓሉን በሌላ ዶሮ ዋሉ። አንዱን አውራ ደግሞ ለዓመታት አታቆዩት፤ ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር ይዳቀላል፣ ጫጩቱም እየደከመ ይሄዳል። ራቅ ካለ ሰፈር ካለ ሰው ጋር አውራ ተቀያየሩ። ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ ልሂድ።

እንቁላል ጣይዋን ቦቫንስ ብራውንን ታውቋታላችሁ። በሚገባ ከተያዘች በዓመት 300 እና ከዚያ በላይ ትጥላለች። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። 300 እንቁላል ማለት 600 ግራም ነው። የዶሮዋ አጥንት በሙሉ ቢሰበሰብ ያለው ካልሲየም ግን 20 ግራም ገደማ ነው። የቀረው ከየት ይምጣ? ከምግቧ ካላገኘች ከአጥንቷ እየቀዳች ትጥላለች። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል። ከዚያ እንቁላሉ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ዶሮዋ መቆም ያቅታታል። «በሽታ ገባባት» ብለው ያመጡልኛል። ብዙ ጊዜ በሽታ የለባትም፤ ተርባ ነው። ፉርሽካ ብቻ እየበላች 300 እንቁላል የምትጥል ዶሮ የለችም። በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ያስፈልጋታል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም የእንቁላል ቅርፊት በምጣድ አመስ አድርጋችሁ፣ አድቅቃችሁ ለብቻ አስቀምጡላት። የሚበቃትን ራሷ ታውቃለች።

ሌግሆርን የምትባለዋን ነጯን ደግሞ እዩ። ቀላል ሰውነት አላት፣ ንቁ ናት፣ ነጭ እንቁላል ትጥላለች። ፎውል ታይፎይድ የሚባለውን በሽታ ከከባዶቹ ዝርያዎች በተሻለ ትቋቋማለች። ቀዩ ሮድ አይላንድ ሬድና ቡናማ እንቁላል የሚጥሉት ሌሎቹ በዚህ በሽታ ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ «ሌግሆርን ጠንካራ ናት» እንበል? ገምቦሮ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉ ጫጩቶችን በሚያጠቃው በዚህ በሽታ በብዛት የምትሞተው ሌግሆርን ናት። ከዚህም በላይ ለሰማይ አሞራ ትጋለጣለች፤ ነጭ ላባዋ ከሩቅ ይታያል። ጥንካሬ ከምን አንጻር ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያቺው ዶሮ በአንዱ በሽታ ፊት ጀግና ናት፣ በሌላው ፊት ደካማ ናት።

በበሽታ መቋቋም ስሟ የተነሳው ፋዩሚ ናት። የግብፅ ዶሮ ናት፣ ከፋዩም አካባቢ። አሜሪካኖች አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ለበሽታ ምርምር ብለው ያቆዩዋታል። ፋዩሚንና ሌግሆርንን ቀለል ያለ የፈንግል ቫይረስ አስይዘው ሲያስተያዩ ፋዩሚዋ ቫይረሱን ቶሎ ከሰውነቷ አጽድታለች። ጫጩትን ደም የሚያስቀዝነውን ኮክሲዲዮሲስንም ከብዙዎቹ በተሻለ ትችላለች። የእኛ አገር ሙቀት አያስቸግራትም። ታዲያ ሁላችንም ፋዩሚ እንግዛ? ግቢ ላላችሁ፣ አጥራችሁ ረጅም ለሆነ፣ አዎ። ትበራለች፣ ትደነግጣለች፣ መዘጋት አትወድም። ማራኪ በሚባለው የከተማችን ሰፈር በጠባብ ግቢ፣ ከጎረቤት አጥር ጋር ተጣብቆ ለሚኖር ሰው ግን ከጎረቤት የምታጣላ ዶሮ ናት። እንቁላሏም ትንሽ ነው።

ኮኮክ የምትባለው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ናት። ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከዝንጉርጉር ፕሊማውዝ ሮክ ተዳቅላ የወጣች። ጭምት ናት። እየጫረች የምትበላውን ትጠቀምበታለች። ለከተማ ግቢ ብዙ ጊዜ እሷን ነው የምመክረው።

ሳሶ አሁን በየሰፈሩ አለች። ቶሎ ታድጋለች፣ እንቁላልም ትጥላለች፣ ለወጥም ትሆናለች። ችግሯ ክብደቷ ነው። ቆጡን ከፍ አድርገን ሰርተን እሷ ከዚያ ስትዘል መዳፏ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ መርገጥ ያቅታታል። ለሳሶ ቆጡን ዝቅ አድርጉት፤ ከጉልበት አይብለጥ። ሌላው ደግሞ፣ ሳሶ ዲቃላ ስለሆነች ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ጫጩት እንደ እናቱ አይሆንም። «የሳሶ ልጅ ናት ተብዬ ገዛሁ፣ አልጥል አለች» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሻጭ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ የዶሮዋ ግን አይደለም።

የሥጋ ዶሮ ለምታረቡ አንድ የጎንደር ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። በስድስት ሳምንት እንድትደርስ የተዳቀለች የሥጋ ዶሮ ሥጋዋ ከልቧና ከሳንባዋ ቀድሞ ያድጋል። ልቧ ደም ለማድረስ ይታገላል። መጨረሻ ላይ ሆዷ ውሃ ይቋጥራል፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ እያለከለከች ትሞታለች። ተላላፊ አይደለም። አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል፤ ለዚህ ነው ክረምትና ኅዳር፣ ታኅሣሥ ላይ የሚበዛው። መድኃኒት በመግዛት ፋንታ ዕድገቷን ትንሽ አዘግዩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ መኖውን አንሱ። ቤቱን ሞቅ አድርጉት፤ ግን አየር ይግባበት። ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

ወደ ደባርቅና ዳባት ወጣ ስትሉ ብርዱ ሌላ ነው። ወደ መተማና ቋራ ስትወርዱ ሙቀቱ ሌላ ነው። አንገተ መላጣዋ ዶሮ ላባዋ ከሌላው በጣም ያነሰ ስለሆነ ሙቀት ታስወጣለች። ቆላ ላይ ታተርፋለች፣ ደጋ ላይ ትቸገራለች። ዘመድ መተማ አለኝ ብሎ ከዚያ ዶሮ ጭኖ ደባርቅ መውሰድ ልክ አይደለም።

አሁን ዝርያ ሁሉ እኩል ስለሚሆንበት ነገር ላውራ። ፈንግል።

ፈንግል ቫይረስ ነው። ዶሮዋ ታኮርፋለች፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንዳንዷ አንገቷ ይጣመማል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ አረቄ የምትሰጡ አላችሁ። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል እየፈታችሁ ውሃ ውስጥ የምትጨምሩም አላችሁ። ስለምታዝኑላት እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ግን አንዱም ቫይረሱን አይገድልም። ካፕሱሉ ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ልጆቻችሁ ይበሉታል።

የሚመጣበትን መንገድ ልብ በሉ። ለበዓል ቅዳሜ ገበያ ሄደን አውራ እንገዛለን። ከቆላ ድባም፣ ከማክሰኝትም፣ ከወገራም የመጣ ዶሮ እዚያ ተቀላቅሎ እግሩን ታስሮ ውሏል። ቤት እናመጣውና ከዶሮዎቻችን ጋር እንለቀዋለን። «ለሦስት ቀን ነው» እንላለን። ሦስት ቀን ይበቃዋል። በዓሉ ሲያልፍ እሱ ተበልቷል፣ በሽታው ግን ቤት ቀርቷል። የገዛችሁትን የበዓል ዶሮ ለብቻው እሰሩት። ውሃውም መጋቢያውም የራሱ ይሁን። ለእርባታ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩት።

ከዚያ ክትባት ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ ማምረቻ ያመርተዋል። ችግሩ አንድ ብልቃጥ በመቶ ለሚቆጠር ዶሮ የሚሆን መሆኑ ነው። አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ አትገዛም፤ እንዳትገዛም አልፈርድባትም። ግን አንድ መንደር ውስጥ ሃያ ቤት ቢሰበሰብ መቶ ዶሮ ይሞላል። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን። ለዶሮ ክትባት መሰብሰብ ያቅተናል? ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር አድርጉት። ሙቀት የሚችል፣ በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ክትባትም አለ። በየሦስትና አራት ወሩ ይደገማል።

በውሃ የምትሰጡ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ተጠቀሙ። የቧንቧ ከሆነ በአንድ ሊትር 2 ግራም ገደማ የዱቄት ወተት በጥብጡበት። ዶሮዎቹን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ውሃ ከልክሏቸው፤ ከዚያ ስትሰጧቸው ቶሎ ይጨርሱታል። የታመመች ዶሮ አትከትቡ። ክትባት መከላከያ እንጂ ማዳኛ አይደለም።

የ45 ቀን ወይም የሁለት ወር ቄብ ስትገዙ ሻጩን የክትባት ወረቀት ጠይቁት። ማሬክስ ለሚባለው በሽታ የሚሆነው ክትባት በተፈለፈለች ቀን ነው የሚሰጠው፤ በኋላ መስጠቱ ብዙም አይጠቅምም። ፈንግልና ገምቦሮ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደጋግመው ይሰጣሉ። ወረቀት የለኝም ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እለፉት።

ስለ ጫጩት ጥቂት ልበልና ጥያቄ እንቀበላለን። ክረምት ላይ ደም የቀላቀለ ቅዘን ካያችሁ ኮክሲዲዮሲስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ኩሱ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ሲገናኙ ነው የሚራባው። ሰጋቱራው ከረጠበ ቀይሩት። የውሃ መጠጫውን ከፍ አድርጉት፤ እግራቸውን እንዳይነክሩበት። ለዚህ የሚሰጥ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አለ፤ ጉዝጓዙ እንደረጠበ ከቀረ ግን በሽታው ተመልሶ ይመጣል። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ፋጉሎ ለጫጩት አትስጡ፤ የሻጋታው መርዝ ጉበታቸውን ይጨርሰዋል።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስገባለሁ።

አንዲት እናት ከአዘዞ «ልጄ፣ እኔ አቅም የለኝም፤ ሀበሻዋን ልያዝ ወይስ ሳሶ ልግዛ?» አሉኝ። እማማ፣ መኖ በየወሩ መግዛት ከቻሉ ሦስትና አራት ሳሶ ወይም ኮኮክ ይያዙ። ካልቻሉ ሀበሻዋን ይያዙ፤ በትንሽ ምግብ ትኖርልዎታለች። ሁለቱንም መያዝ ከፈለጉ ሀበሻዋ እንቁላል ትታቀፍልዎ፣ ሳሶዋ ትጣልልዎ። ግን ሀበሻዋንም ያስከትቧት። ሳሶዋን ብቻ ከትበው ሀበሻዋን ከተዉ፣ በሽታው በሀበሻዋ በኩል ይገባል።

አንድ ወጣት ደግሞ «የሞተውን የት እንጣለው?» አለ። ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ አትጣሉት። ውሻ ጎትቶ ሌላ ሰፈር ያደርሰዋል፣ ውሃውም ያወርደዋል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኖራ ነስንሱበት፣ ቅበሩት። ዘመድ ጋር መላክ፣ «ገና አልሞተችም» ብሎ አርዶ መሸጥም ይቅር። በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ከሞተባችሁ አንዱን በላስቲክ ቋጥራችሁ በጠዋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ አምጡት። ሳይበሰብስ ከደረሰ ከፍተን እናየዋለን፤ የሰፈራችሁንም ሰው በጊዜ እናስጠነቅቃለን።